ብረት ላይ ያልተፈተነ ኮድ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነስቶ ወደ ናይሮቢ አቀና። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነው። አየር መንገዱ ከተረከበው ገና አራት ወር አልሞላውም። መሬት እንደለቀቀ ብዙም ሳይቆይ፣ በአፍንጫው ግራና ቀኝ የተገጠሙት ሁለት ሴንሰሮች ጨርሶ የማይታረቅ ነገር ተናገሩ። ሥራቸው አንድ ነው፤ አውሮፕላኑ ከፊቱ ከሚመጣው አየር ጋር የሚፈጥረውን ማዕዘን መለካት። የቀኙ 15.3 ዲግሪ አለ። የግራው 74.5 ዲግሪ አለ።

መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን በ74 ዲግሪ ማዕዘን ሊበር አይችልም። ይህን ለማወቅ አብራሪ መሆን አያስፈልግም፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። ኮምፒውተሩ ግን ጎን ለጎን አላያቸውም። ኤምካስ የተባለው ፕሮግራም በዚያ በረራ ላይ የሚያዳምጠው የግራውን ብቻ ነበር። የሰማውን አመነ፤ አፍንጫውን ወደታች ገፋ። አብራሪዎቹ ሲያቀኑት መልሶ ገፋ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ አውሮፕላኑ ቢሾፍቱ አካባቢ ቱሉ ፈራ ላይ ወደቀ። ከ35 አገሮች የመጡ 157 ሰዎች አለቁ።

ስለ ኤምካስ ብዙ ተብሏል። ስለ ቦይንግ ጥድፊያ፣ ስለ አሜሪካ ተቆጣጣሪዎች መላላት፣ ስለ ካሳው ብዙ ተጽፏል። በቀዝቃዛው የሚነሳ አንድ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ያ ፕሮግራም ሰው ከመጫኑ በፊት የተፈተነው እንዴት ነበር? ይህ ጥያቄ በአንድ አውሮፕላን አልተጀመረም። በኋላው ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለው፤ የታሪኩ ጭብጥም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ይሄ እኮ ድሮ ሠርቷል!»

*የማይታየው ኮምፒውተር*

ኮምፒውተር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስክሪንና ኪቦርድ ያለውን ነው። በዓለም ላይ በቁጥር የሚበልጡት ግን ስክሪንም ኪቦርድም የሌላቸው ናቸው። በመኪና ፍሬን፣ በልብስ ማጠቢያ፣ በሊፍት፣ በሆስፒታል የመድኃኒት ፓምፕ ውስጥ ተሸሽገው ይኖራሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ማይክሮኮንትሮለር ይባላሉ። ማስሊያውም፣ ማስታወሻውም፣ ከውጭ ሽቦ ጋር የሚያገናኘውም ክፍል በአንዲት ቺፕ ላይ ተጠቃሎ የተሠራ ነው። ቺፗ ቦርድ ላይ ትበየዳለች፤ ሴንሰር ታነባለች፣ ሞተር ታዛለች።

የስልክ አፕሊኬሽን ሲሳሳት ይዘጋል፤ ባለቤቱ ተበሳጭቶ መልሶ ይከፍተዋል። ቦርድ ላይ ያለ ኮድ ሲሳሳት ግን ስህተቱ ወደ ብረት ይተላለፋል። ፍሬኑ አይዝም፣ ፓምፑ ከታዘዘው በላይ ያፈሳል፣ ክንፍ ያለ ቦታው ይታጠፋል።

ፕሮግራመሩ ኮዱን የሚጽፈው በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ነው። እዚያ ዓለሙ ንጹሕ ነው፤ ሽቦ አይላላም፣ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት አይወርድም፣ ሴንሰር አይዋሽም። ቦርዱ ላይ ግን ይህ ሁሉ ይደርሳል። ሁለት ነገሮች በአንዲት የሰከንድ ሽርፍራፊ ውስጥ ተጋጭተው ይመጣሉ፤ በቢሮ ኮምፒውተር ላይ የሰፋው ቁጥር በትንሿ ቺፕ ማስታወሻ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሙያው ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዞ አደገ፦ ኮዱ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው የት ነው? መልሱ በአንድ ቀን አልመጣም። ቁርጥራጭ ሆኖ መጣ፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭም ዋጋ ተከፈለ።

*ከ67 አንድ*

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1981 የመጀመሪያዋ የጠፈር መንኮራኩር ኮሎምቢያ ፍሎሪዳ ላይ ቆማ የመነሻ ሰዓቷን ትጠብቃለች። ጆን ያንግና ሮበርት ክሪፕን በጀርባቸው ተኝተው ቀበቷቸውን አስረዋል። መንኮራኩሯ አምስት ኮምፒውተሮች አሏት። አራቱ አንድ ዓይነት ፕሮግራም የያዙ ሲሆኑ፣ አምስተኛው በሌሎች ሰዎች የተጻፈ ሌላ ፕሮግራም የያዘ መጠባበቂያ ነው። ሊነሱ 20 ደቂቃ ያህል ሲቀር መጠባበቂያው ከአራቱ ጋር መናበብ አቃተው። የዕለቱ በረራ ተሰረዘ፤ መንኮራኩሯ የተነሳችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ናሳ በሙከራ የሚታማ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ሂዩስተን ውስጥ ለዚሁ ሲባል የተሠራ ቤተ ሙከራ ነበረው። እውነተኛዎቹ ኮምፒውተሮች፣ እውነተኛዎቹ ኬብሎች በመንኮራኩሯ ውስጥ በሚቀመጡበት አኳኋን ተዘርግተው፣ የጎደለው አካሏ ብቻ ነበር። ታዲያ ችግሩ እንዴት አመለጠ?

ምክንያቱ ሲመረመር ጥቃቅን የጊዜ መዛነፍ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሲበራ፣ ቀድሞ በኮዱ ላይ በተደረጉ ትናንሽ ለውጦች ሳቢያ፣ ሰዓቱ ከሌሎቹ ጋር የሚዛነፍበት ዕድል ተፈጥሮ ነበር። ዕድሉ ከ67 አንድ ነው። መድኃኒቱም ኮምፒውተሮቹን አጥፍቶ እንደገና ማብራት ሆነ።

ሒሳቡን ማስላት ይቻላል። ይህን መሳይ ስህተት ያለበትን ማሽን 10 ጊዜ አጥፍቶ የሚያበራ ሰው ስህተቱን የማየት ዕድሉ 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 300 ጊዜ የሚያበራ ግን 99 በመቶ ያህል ያየዋል። ጥያቄው 300 ጊዜ አጥፍቶ የሚያበራ፣ በእያንዳንዱም ሰዓቱን በሺህኛ ሰከንድ እየለካ የሚመዘግብ ማን ነው የሚለው ነው። ሰው በአሥረኛው ይሰለቻል፤ በሃያኛው «ደህና ነው» ይላል። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነበር፦ አንድ ጊዜ መሥራት መሥራት አይደለም። ደግሞም ትናንት የተፈተነ ነገር ዛሬ በትንሹ ከተነካ፣ ያልተፈተነ ሆኗል።

*የፈጠነች ጣት*

ሁለተኛው ትምህርት ከሆስፒታል መጣ። ቴራክ-25 በካናዳ የተሠራ የካንሰር ጨረር ሕክምና ማሽን ነው፤ በአሜሪካና በካናዳ 11 ማሽኖች ተተክለው ነበር። ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ ስድስት ታካሚዎችን ከታዘዘው እጅግ በበለጠ ጨረር መታ። ከመካከላቸው የሞቱ አሉ።

ከእሱ በፊት የነበረው ቴራክ-20 በኮድ ብቻ አይታመንም ነበር። ፕሮግራሙ ቢሳሳት እንኳ ጨረሩን የሚያግዱ የኤሌክትሪክና የብረት መቆለፊያዎች ነበሩት። በቴራክ-25 ላይ የጥበቃው ሥራ በአብዛኛው ለሶፍትዌሩ ተሰጠ፤ ከሶፍትዌሩም ከፊሉ ከቀደሙት ማሽኖች የተወረሰ ነበር። «ድሮ ሠርቷል!» በኋላ እንደታወቀው ግን ስህተቱ በቴራክ-20 ፕሮግራም ውስጥም ነበረ። ሰው ያልገደለው መቆለፊያዎቹ ስለያዙት ነው። ድሮ የሠራው ኮዱ ሳይሆን ብረቱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በማርች 1986 ቴክሳስ ውስጥ ታይለር በምትባል ከተማ አንዲት የማሽኑ ኦፕሬተር ትእዛዝ ስታስገባ አንዲት ፊደል ተሳሳተች። ልማድ አፍጥኗታልና ወዲያው ተመልሳ አረመች። ማሽኑ በውስጡ ማግኔቶቹን ለማስተካከል ስምንት ሰከንድ ያህል ይፈልጋል፤ በዚያ መሐል የተደረገን እርማት ግን በሙሉ አይቀበልም ነበር። ስክሪኑ የተስተካከለውን አሳየ፤ ማሽኑ የተደበላለቀ ትእዛዝ ይዞ ቀረ። ታካሚው ተመታ። ስክሪኑ ላይ የወጣው «ብልሽት 54» የሚል፣ ለማንም ትርጉም የማይሰጥ ጽሑፍ ብቻ ነበር።

የአምራቹ ባለሙያዎች መጥተው ሞከሩ፤ ብልሽቱ አልደገመም። ማሽኑ ወደ ሥራ ተመለሰ። በሚቀጥለው ወር እዚያው ቦታ ሌላ ታካሚ ተመታ። በዚህ ጊዜ የሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያ ከኦፕሬተሯ ጋር ተቀምጦ፣ እያስገባች እያረመች፣ ደጋግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻም ብልሽቱን በፈለጉት ጊዜ ማምጣት ቻሉ። ምስጢሩ ፍጥነት ነበር። ቀስ ብሎ የሚተይብ መሐንዲስ ስህተቱን ዕድሜ ልኩን ቢፈልገው አያገኘውም።

በ1987 መጀመሪያ በዋሽንግተን ግዛት ያኪማ ከተማ ለደረሰው አደጋ ምክንያት የሆነው ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። በኮዱ ውስጥ ያለ አንድ ቆጣሪ እስከ 255 ብቻ መቁጠር ይችላል፤ በ256ኛው ተመልሶ ዜሮ ይሆናል። ዜሮ ማለት ለፕሮግራሙ «መፈተሽ አያስፈልግም» ማለት ነበር። ኦፕሬተሩ ቁልፉን የተጫነው ልክ በዚያች ቅጽበት ላይ ነው።

ፍጥነትን እየለዋወጠ፣ 256ኛውን ዙር ሳይሰለች እየጠበቀ የሚፈትን ሰው የለም። የሚፈትን ማሽን ግን ሊኖር ይችላል።

*መቶ ሰዓት*

ፓትሪዮት የተባለው የአሜሪካ ፀረ ሚሳይል መሣሪያ መጀመሪያ የታሰበው አውሮፓ ውስጥ ከሶቪየት አውሮፕላኖችና ሚሳይሎች ለመከላከል ነው። ቦታ እየቀያየረ፣ በአንድ ቦታ ለጥቂት ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ታስቦ ነበር። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ግን ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ዳህራን ላይ ተተክሎ ቀንና ሌሊት ያለ እረፍት በራ።

ሰዓቱን የሚቆጥረው በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ነው። አንድ አሥረኛ ደግሞ በኮምፒውተር የሁለትዮሽ ቁጥር ተጽፎ አያልቅም፤ በ24 ቢት ሲቆረጥ እዚህ ግባ የማትባል ስህተት ትቀራለች። ስህተቷ በየሰዓቱ ትጠራቀማለች። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 መሣሪያው ከበራ 100 ሰዓት ያህል ሆኖት ነበር፤ ስህተቷም አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ያህል ደርሳለች። በዚያች ቅጽበት ስከድ ሚሳይል ከ500 ሜትር በላይ ይጓዛል። ፓትሪዮቱ ያለ ቦታው ፈለገው፤ አጣው። ሚሳይሉ የጦር ሰፈር ላይ ወድቆ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ።

ጉዳዩ ቀድሞ ፍንጭ ነበረው። መሣሪያው ስምንት ሰዓት ሲሠራ ኢላማው እንደሚዛነፍ እስራኤላውያን ከሁለት ሳምንት በፊት አሳውቀው ነበር። ለወታደሮቹ የተላከው ማሳሰቢያ ግን «በጣም ረጅም ጊዜ» ከማለት በቀር ስንት ሰዓት እንደሆነ አልተናገረም። የታረመው ፕሮግራም ዳህራን የደረሰው በማግስቱ፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

*ሠላሳ ሰባት ሰከንድ*

የዚህ ታሪክ ትልቁ የመማሪያ መጽሐፍ ኤሪያን 5 ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት አዲሱን ሮኬት ከፈረንሳይ ጉያና፣ ኩሩ ከተባለው ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኮሰ። አራት የምርምር ሳተላይቶች ጭኗል። ከ37 ሰከንድ ያህል በኋላ አቅጣጫውን ሳተ፤ ወዲያው ተሰባብሮ ፈነዳ።

በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዣክ ሉዊ ሊዮን የሚመራ አጣሪ ቡድን በሐምሌው ሪፖርቱ እንዳስረዳው፣ ስህተቱ ሮኬቱ የት እንዳለና ወዴት እንደሚያዘነብል በሚለካው መሣሪያ ውስጥ ነበር። የመሣሪያው ኮድ ከኤሪያን 4 የተወሰደ ነው። በዚያ ሮኬት ላይ ሠርቷል። ኤሪያን 5 ግን ከታናሹ በፍጥነት ወደ ጎን ይጓዛል። አንድ ትልቅ ቁጥር ከ32,767 በላይ መያዝ በማይችል ጠባብ ቦታ ውስጥ እንዲገባ ታዘዘ፤ አልገባም። ኮምፒውተሩ ራሱን ዘጋ። መጠባበቂያው ያው ተመሳሳይ ኮድ ስለያዘ ከእሱ ቀድሞ፣ በ72 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት፣ ተዘግቶ ነበር። የሮኬቱ ዋና ኮምፒውተር ደግሞ የተዘጋው መሣሪያ የላከውን የብልሽት መልእክት እንደ በረራ መረጃ አንብቦ የሞተሮቹን አፍ በሙሉ ኃይል አጠመዘዘ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያናድደው አንድ ነገር አለ። ስህተቱን ያመጣው የኮዱ ክፍል በኤሪያን 5 ላይ ሮኬቱ ከተነሳ በኋላ ምንም ሥራ አልነበረውም። ከኤሪያን 4 ጋር አብሮ ስለመጣ ብቻ ይሠራ ነበር።

ታዲያ ሙከራ አልተደረገም? ተደርጓል። የሮኬቱን በረራ አስመስሎ የሚያሳይ ትልቅ ቤተ ሙከራ ነበር። እውነተኛው መለኪያ መሣሪያ ግን እዚያ አልገባም፤ በእሱ ቦታ እሱን የሚያስመስል ፕሮግራም ተቀመጠ። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ መሣሪያው ለብቻው ተፈትኖ አልፏል የሚል ነበር። ለብቻው ሲፈተን ግን የኤሪያን 5 የበረራ መንገድ አልተሰጠውም። አስመሳዩ ፕሮግራም ደግሞ እውነተኛው እንደሚወድቅ ሊወድቅ አይችልም፤ ምክንያቱም የሚሠራው ሠሪዎቹ ስለ መሣሪያው ያመኑትን ብቻ ነው።

ከአደጋው በኋላ እውነተኛው ኮድ የእውነተኛው በረራ መንገድ ተሰጥቶት በምድር ላይ ተሞከረ። ያው አወዳደቅ ያለ ችግር ተደገመ። አጣሪ ቡድኑም በምክሩ ውስጥ የሚቻለውን ያህል እውነተኛ ዕቃ ያለበት የሙከራ ጣቢያ እንዲዘጋጅ፣ እውነተኛ መረጃ እንዲሰጠው፣ ሥርዓቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተያይዞ እንዲፈተን አዘዘ። የሙያው ሕገ መንግሥት ይህ ነው ማለት ይቻላል።

*ሰው የማይነካው ጠረጴዛ*

ትምህርቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በየቀኑ መፈጸም ሌላ። ለረጅም ጊዜ ቦርድ ላይ መሞከር አድካሚ ሥራ ነበር። ኮድ የሚጻፍበት ቺፕ ከቦርዱ ተነቅሎ፣ አሮጌው ኮድ እንዲጠፋ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ለብዙ ደቂቃዎች ተቀምጦ፣ አዲሱ ተጽፎበት ተመልሶ ይሰካል። አንድ መስመር ለማረም ይህ ሁሉ ጣጣ ካለ፣ ማን በቀን መቶ ጊዜ ይሞክራል?

ሁኔታውን የለወጡት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በ1990 እ.ኤ.አ. ደረጃ ሆኖ የጸደቀውና ጄታግ በሚል ስም የሚታወቀው መገናኛ ነው፤ በጥቂት ሽቦዎች ብቻ ቦርድ ላይ ወደተበየደ ቺፕ ውስጥ መግባት አስቻለ። ሁለተኛው በ1990ዎቹ ማይክሮኮንትሮለሮች በኤሌክትሪክ የሚጠፋና በሰከንዶች የሚጻፍ ማስታወሻ ማግኘታቸው ነው። ሦስተኛው ከሶፍትዌር ሰዎች የመጣ ልማድ ነው፤ ፕሮግራመሩ ኮዱን በለወጠ ቁጥር ኮምፒውተር በራሱ ሰብስቦ እንዲፈትነው ማድረግ። በ2000ዎቹ ይህን የሚሠሩ ነፃ ፕሮግራሞች በየድርጅቱ ተስፋፉ።

ሦስቱ ሲገናኙ አዲስ ዓይነት ጠረጴዛ ተፈጠረ። በመደርደሪያ ላይ ቦርዶች ተደርድረዋል። አንድ ኮምፒውተር አዲሱን ኮድ ይጭንባቸዋል። በሪሌይ ኤሌክትሪካቸውን ይቆርጣል፣ ይመልሳል። ከጎን የተቀመጠ ሌላ ቦርድ ሴንሰር መስሎ ይዋሻቸዋል፤ «ሙቀቱ 90 ነው» ይላል፣ ከዚያ «ሽቦው ተቆርጧል» ይላል፣ ከዚያ ትርጉም የሌለው ቁጥር ይልካል። የሚፈተነው ቦርድ ለሞተሩ ምን ትእዛዝ እንደሰጠ ይለካል፤ ከሚጠበቀው ጋር ያስተያያል፤ አለፈ ወይም ወደቀ ብሎ ይመዘግባል። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ሲያደርግ ያድራል። ጠዋት ፕሮግራመሩ ሲመጣ ውጤቱ ተጽፎ ይጠብቀዋል።

የመኪና አምራቾች የፍሬንና የሞተር ኮምፒውተሮቻቸውን እውነተኛ መኪና በሌለበት እንዲህ ይፈትናሉ፤ ቦርዱ እውነተኛ ነው፣ መኪናውና መንገዱ ግን በኮምፒውተር የተሰሉ ናቸው። ለሊኑክስ ኮድም ኬርነልሲአይ የተባለ ፕሮጀክት በተለያዩ ቦታዎች በሚገኙ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ያሉ ቦርዶችን አስተባብሮ አዳዲስ ለውጦችን በእውነተኛ ዕቃ ላይ ይፈትናል።

የዚህ ጠረጴዛ ትርፍ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ከሁሉ በላይ ምክንያት ያሳጣል። 300 ጊዜ ማጥፋትና ማብራት፣ 256ኛውን ዙር መጠበቅ፣ መቶ ሰዓት ሳያቋርጡ ማስኬድ በማሽን ሲሠራ ርካሽ ነው። «ድሮ ሠርቷልና ይቅር» የሚለው ቃል ድሮ ቢያንስ የድካም ሰበብ ነበረው፤ ዛሬ ያም የለውም።

ነገር ግን ጠረጴዛው አንድ ጉድለት አለው፤ የሚጠይቀው ሰው ጠይቅ ያለውን ብቻ ነው።

*ያልተጠየቀው ጥያቄ*

አሁን ወደ ማክስ እንመለስ። ቦይንግ 737 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ማክስ የዚያው ቤተሰብ ልጅ ተብሎ ቀረበ፤ ስለዚህም አብራሪዎች አዲስ የሲሙሌተር ሥልጠና አያስፈልጋቸውም ተባለ። ሞተሮቹ ግን ትልልቅ ሆነው ወደፊት ወጥተው ስለተገጠሙ የአውሮፕላኑ ጠባይ በአንዳንድ ሁኔታ ተለወጠ። ኤምካስ የተጨመረው ያንን ለማቃናት ነው። በሥራው መሐል ጉልበቱ አደገ፤ በአንድ ጊዜ የጅራቱን ክንፍ 0.6 ዲግሪ ብቻ ማንቀሳቀስ ይችል የነበረው፣ እስከ 2.5 ዲግሪ እንዲያንቀሳቅስ ተፈቀደለት።

ቦይንግ ኤምካስ ያለ አግባብ ቢነሳ ምን ይሆናል ብሎ በሲሙሌተር ሞክሯል። ይህ እውነት ነው፤ መሞከሩ አይካድም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በሴፕቴምበር 2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ግን ጉድለቱን በጣቱ አሳየ። የተሞከረው ክንፉ ያለ ትእዛዝ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነበር። ክንፉን ያለ አግባብ ሊያንቀሳቅስ የሚችለው ብልሽት፣ ማለትም የሴንሰሩ መዋሸት፣ በሙከራው ውስጥ አልገባም።

ልዩነቱ ቃላት ብቻ ሊመስል ይችላል። አይደለም። ሴንሰሩ ሲዋሽ ኤምካስ ብቻውን አይነሳም። የአብራሪው መሪ ይንቀጠቀጣል፤ የፍጥነት ንባቦች ይለያያሉ፤ የከፍታ ንባቦች ይለያያሉ፤ ማስጠንቀቂያ በማስጠንቀቂያ ላይ ይደራረባል። በሲሙሌተሩ ውስጥ የነበሩት አብራሪዎች ያዩት አንድ ችግር ነው፤ በጥቂት ሰከንዶችም መለሱት። የበረራ 302 አብራሪዎች፣ ከእነሱ አራት ወር ተኩል ገደማ በፊት የላየን ኤር 610 አብራሪዎች፣ የገጠማቸው ግን የችግሮች ጎርፍ ነው። በዚያኛው አደጋ ጃቫ ባሕር ላይ 189 ሰዎች ሞተዋል።

የግራው ሴንሰር ለምን ተበላሸ በሚለው ላይ የኢትዮጵያና የአሜሪካ መርማሪዎች አልተስማሙም፤ ክርክሩ እስከ መጨረሻው ሪፖርት ዘልቋል። ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን መልሱ ወሳኝ አይደለም። ወፍም መታው፣ ሽቦም ተበላሸ፣ በሙከራ ጠረጴዛ ላይ ያ ብልሽት አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፦ «ግራው 74.5 በል፤ ቀኙ 15.3 በል፤ ከዚያ የሚሆነውን ተመልከት።» ኤሪያን 5 ላይ መሣሪያው ቀርቶ አስመሳዩ እንደተቀመጠ ሁሉ፣ እዚህም ብልሽቱ ቀርቶ የብልሽቱ አንድ ውጤት ብቻ ተፈተነ።

አውሮፕላኖቹ በመላው ዓለም ከቆሙ በኋላ የሆነው ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጎላዋል። በጁን 2019 የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች በሲሙሌተር ጠለቅ ያለ ሙከራ ጀመሩ። የበረራ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ራሱ ቢታመም፣ በቺፑ ውስጥ ያሉ ቢቶች ቢገለበጡ ምን ይሆናል ብለው ብልሽቱን ሆን ብለው ፈጠሩ። ከኤምካስ የተለየ፣ አውሮፕላኑን ወደታች ሊደፋ የሚችል ሌላ አደጋ ተገኘ። በዚያ የተነሳ ለብዙ ዓመታት በአንድ በረራ አንዱን ኮምፒውተር ብቻ ያዳምጥ የነበረው አሠራር ተለወጠ፤ ሁለቱ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ እንዲተያዩ ተደረገ። ኤምካስም ሁለቱን ሴንሰሮች እንዲያነጻጽር፣ ልዩነታቸው ከ5.5 ዲግሪ ከበለጠ ዝም እንዲል ታዘዘ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 2020 አሜሪካ አውሮፕላኑ እንዲበር ፈቀደች፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን ወደ ሥራ የመለሰው በፌብሩዋሪ 2022 ነው።

የቢሾፍቱው ልዩነት 59.2 ዲግሪ ነበር።

*ገዢ ምን ይጠይቅ?*

ይህ ታሪክ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም። ከኤሌክትሪክ መኪና እስከ ሆስፒታል መሣሪያ፣ ኢትዮጵያ በየዓመቱ የምታስገባው ዕቃ ሁሉ በቦርድና በኮድ የተሞላ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ፍሬኑም፣ ባትሪውም፣ መሪውም በኮምፒውተር የሚታዘዝ መኪና በየመንገዱ እየበዛ ነው። ገዢው ስለ ባትሪው ርቀት ይጠይቃል፤ ስለ ዋጋው ይከራከራል። በውስጡ ያለው ኮድ እንዴት እንደተፈተነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄዎቹ ከባድ አይደሉም። የተፈተነው በዚህ ቦርድ ላይ ነው ወይስ በቀድሞው? ሴንሰሩ ሲዋሽ፣ ሽቦው ሲቆረጥ ምን እንደሚያደርግ ታይቷል? ኮዱ ከታደሰ በኋላ ሙከራው እንደገና ተደርጓል? ውጤቱ የተጻፈበት መዝገብ አለ? በጨረታ ሰነድ ላይ አራት መስመር የማይሞሉ ናቸው። ሻጩ «ይህ ምርት ለዓመታት ሠርቷል» ብሎ ከመለሰ፣ ቴራክም፣ ፓትሪዮትም፣ ኤሪያንም በቀድሞ ቤታቸው ሠርተው እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሙከራ ሁሉንም ስህተት ያገኛል የሚል የለም። ያልታሰበ ጥያቄ ሁልጊዜ ይኖራል። ከላይ የተዘረዘሩት አደጋዎች ግን ሊታሰቡ የማይችሉ አልነበሩም፤ እያንዳንዳቸው ከአደጋው በኋላ በቀናት ወይም በወራት ውስጥ በምድር ላይ ተደግመው ታይተዋል ወይም በወረቀት ላይ ተሰልተዋል። በኋላ መድገም የተቻለውን ቀድሞ መሞከርም ይቻል ነበር። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ይህንኑ ነው።